ሊሾ፣ አርማታ፣ ሃርድኮር፦ ግቢ ስናሠራ ምን ብለን ነው የምናዘው?

የአፍንጮ በሯ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ግቢ አፍንጮ በር አካባቢ ነው። 40 ካሬ የምትሆን ቦታ ናት። ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ካቻምና ሐምሌ እዚያው ጭቃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም።

አምና ከፋሲካ በኋላ አንድ ሠራተኛ አመጣሁና "ግቢውን ሲሚንቶ አድርግልኝ" አልኩት። ያልኩት ይኸንኑ ብቻ ነው። "ሊሾ ይሁን?" ብሎ ጠየቀኝ። ሊሾ ለስላሳ ወለል መሆኑን ስለማውቅ "አዎ" አልኩ። በሦስት ቀን ጨረሰ። ሲያዩት ያምር ነበር።

ነሐሴ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። መስከረም ሳይጠባ ቁርጥራጩ በእጅ የሚነሳ ሆነ። አንዱን አንስቼ አየሁት። ውፍረቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ከሥሩ ያለው አፈር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ደወልኩለት። "እህቴ፣ ሊሾ አልሽኝ፣ ሊሾ ሠራሁልሽ" አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ግን ቆይቼ ሳስበው ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ምን ማዘዝ እንዳለብኝ ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

አሁን እንደገና ላሠራ ነው። ሦስት ሰዎች አይተው ዋጋ ሰጥተውኛል። አንዱ "አርማታ እንሞላለን" አለ። ሁለተኛው "ሃርድኮር ነጥፈን ሲ 25 ኮንክሪት" አለ። ሦስተኛው "ገረጋንቲ ጠቅጥቄ ኮብል" አለ። ዋጋቸው አይቀራረብም። ስለ አንድ ነገር ይሁን ስለ ሦስት ነገር እያወሩ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

ቱንቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ግንበኛ ነበርኩ፤ ዕድሜዬን በሙሉ እዚሁ አራዳ ዙሪያ ነው የሠራሁት። ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

መጀመሪያ "ሲሚንቶ አድርግልኝ" አይባልም። ሲሚንቶ ዱቄቱ ነው። እንጀራ ፈልገሽ "ጤፍ ስጠኝ" እንደ ማለት ነው። ዱቄቱ ከአሸዋና ከውሃ ጋር ሲቦካ ለግንብ ማያያዣ፣ ለልስንና ለሊሾ ይሆናል። ጠጠር ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ኮንክሪት ይሆናል። እኛ አርማታ እንለዋለን። ሸክም የሚችለው እሱ ነው። ሊሾ ፊት ነው፤ አጥንት የለውም። ከሥሩ አጥንት ካልሰጠሽው ይሰበራል።

አሁን ከታች ወደ ላይ እንሂድ። ላይኛው አፈር ተቆርጦ ይወጣል። ጥቁር አፈር ከሆነ በደንብ ይቆረጥ። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ይነሳል። በቦታው ገረጋንቲ፣ ጠጠር የተቀላቀለበትና ሲጠቀጠቅ የሚጠነክር አፈር ማለት ነው፣ ይገባል። ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ አይደፋም። 20 ሳንቲ፣ 20 ሳንቲ እያደረጉ፣ ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቀጥቁታል። ከዚያ ሃርድኮር ይመጣል። ሃርድኮር በእጅ የሚደረደር ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የተለመደው 25 ሳንቲ ነው። ድንጋዩ ቆሞ ይደረደራል፤ ክፍተቱ በትናንሽ ድንጋይ ይሞላል። አንዳንዱ ከመኪና ላይ ገልብጦ "ሃርድኮር ነጠፍኩ" ይላል። ያ መድፋት ነው፣ መንጠፍ አይደለም። ቆመሽ እዪ። በላዩ 10 ሳንቲ አርማታ። ሊሾ ካማረሽ መጨረሻ ላይ።

ያ የመጀመሪያው ሰው አምስቱን ሥራ ትቶ ስድስተኛውን ብቻ ነው የሠራልሽ።

ሳይት መሐንዲስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሽ ቱንቢ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ቃል ላይ ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ቃል ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

አርማታ የጣሊያን ቃል ነው። አርማቶ ማለት የታጠቀ ማለት ነው። የታጠቀው ብረት ነው። ስለዚህ በትክክለኛ ትርጉሙ አርማታ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ነው። ፌሮ የሌለበት ደግሞ ተራ ኮንክሪት ነው። እህታችን "አርማታ" የሚል ውል ብትፈርም እሷ ፌሮ አለው ብላ ታስባለች፣ ሠራተኛው የለውም ብሎ ያስባል። ኋላ ላይ ማን ይፈርዳል? ውል ላይ "አርማታ" የሚል ቃል ለብቻው ባይጻፍ ይሻላል እላለሁ።

ቱንቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ልጄ መሐንዲሱ፣ መጽሐፉ እንዳልከው ይሆናል። ሳይት ላይ ግን ማንም እንዲያ አይልም። ከመሠረት ሥር የምንደፋትን 5 ሳንቲ ስስ ኮንክሪት እንኳን አርማታ ነው የምንላት። ፌሮ የሚባል ነገር የላትም። ቃሉ እኛ ጋ ከመጣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ለምዷል፤ የእኛ ሆኗል። እኔ በሕይወቴ "ተራ ኮንክሪት" ብዬ አላውቅም።

ሳይት መሐንዲስ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ፣ ቃሉን ተዉት እያልኩ አይደለም። እኔም ሳይት ላይ አርማታ ነው የምለው፤ ሌላ ብል አይሰሙኝም። የምፈራው ወረቀቱን ነው። ወረቀት ላይ "ፌሮ ያለው አርማታ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ በየ 20 ሳንቲ ሜትሩ" ተብሎ ይጻፍ። ወይም "ፌሮ የሌለው አርማታ" ይባል። ያኔ እርስዎም እኔም አንድ ነገር እናያለን።

ቱንቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡34

በዚህ ተስማምቻለሁ።

የቴክኒክ መምህር | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡10

ይህን ውይይት ለተማሪዎቼ አነባለሁ። በየዓመቱ የማየው ችግር ይኸው ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፕላኑ ላይ የወለሉን ኮንክሪት ስላብ፣ ፌሮዎቹን የሚያቅፈውን ቀለበት ስቲረፕ ይላል። ሳይት ሲወርድ ደግሞ ፎርማኑ ሶሌታ፣ ስታፋ ይለዋል። ነገሩ አንድ ነው። ተማሪው ግን ያላወቀ መስሎ ይቆማል። አንዱ ልጅ ካዛንቺስ ሳይት የወጣ ቀን "ሁለት ቤርጋ አምጣ" ተብሎ መጋዘን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ፈልጎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቤርጋ ማለት 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ሙሉ የፌሮ ዘንግ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ልጁ ጎበዝ ነው። የጎደለው ቃሉ ብቻ ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ከዚያ ጀምሮ የመጀመሪያውን ሳምንት የማስተምረው ቃል ነው።

የጣሊያኑ ቃል አብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገብቶ የቀረ ነው። የከተማችን ስሞችም እንደዚያው ናቸው። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው። ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ያሠራበት ድርጅት ስም ነው። ፌሮ በጣሊያንኛ ብረት ማለት ነው፤ "ፌሮ ብረት" ስንል "ብረት ብረት" እያልን ነው። ብሎኬት፣ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ባሬላ፣ ሊሾ፣ ሁሉም ከዚያ ናቸው። ሊሾ በቋንቋቸው ለስላሳ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሠራተኛ እህታችንን የጠየቃት "ለስላሳ ይሁን?" ብሎ ነው። ምን ያህል ውፍረት፣ ከሥሩ ምን ይግባ የሚለው በቃሉ ውስጥ የለም።

የራሳችንም ቃል ሞልቷል። ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ልስን፣ ኖራ፣ መሠረት፣ አጣና፣ ማገር። ውሃ ልክ የሚለውን ቃል በተለይ እወደዋለሁ። ዕቃው ምን እንደሚሠራ ስሙ ራሱ ይናገራል።

የሰባራ ባቡር ነጋዴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እኔ ደግሞ ስለ መለኪያ ልናገር። ሰው ሱቅ መጥቶ የሚጣላው በመለኪያ ነው።

አንደኛ፣ ኩንታል። ሲሚንቶ የሚጠራው በኩንታል ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ነው። አንዳንድ ሠራተኛ አንዱን ከረጢት "ኩንታል" ይለዋል። "15 ኩንታል ያስፈልጋል" ሲልሽ 15 ከረጢት ነው ወይስ 30? ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ቢያጆ። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ገረጋንቲ የሚመጣው በቢያጆ ነው፤ የመኪና አንድ ጉዞ ማለት ነው። ቢያጆ ግን ልክ የለውም። መኪናው ሲኖ ነው ወይስ አይሱዙ? እስከ አፉ ሞልቷል ወይስ አጉድሏል? "ስንት ኪዩብ ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ሳይገለበጥ የመኪናውን ሳጥን በሜትር ለኪ። ርዝመት በወርድ በቁመት። ነጋዴው ቢኮራብሽም አትፈሪ።

ሦስተኛ፣ ጠጠር በቁጥር ነው። 02 የምንለው ተለቅ ያለው ነው፤ እስከ 2 ሳንቲ ድረስ ይሆናል፤ ለአርማታ እሱ ነው። 01 ደቃቁ ነው፤ ለብሎኬት ይሄዳል። 00 ከዚያም የደቀቀው ነው። "ጠጠር" ብቻ ካልሽ የተገኘው ይመጣልሻል።

አሸዋውን ደግሞ ፈትሺ። የመተሃራም ይሁን የላንጋኖ፣ ስሙን አትመኚ። በሚታይ ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ አድርጊ፣ ውሃ ጨምሪ፣ ናጪ፣ አሳድሪ። ከላይ የሚተኛው ስስ ጭቃ ነው። የአገራችን ደረጃ የሚፈቅደው ከመቶ 6 ነው። ከዚያ ካለፈ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን ከጠጠሩ ጋር እንዳይያያዝ ያደርገዋል።

ስለ ስም ከተነሳ የእኛ ሰፈር ስምም የመንገድ ሥራ ስም ነው። በምኒልክ ዘመን ሠርኪስ ተርዚያን የሚባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር፤ ሰው ባቡር ይለው ነበር። ባቡሩ ተበላሽቶ የቀረበት ቦታ ነው ሰባራ ባቡር የተባለው። እኔ በየቀኑ እዚያ ቆሜ የመንገድ ዕቃ ስሸጥ ይህን አስታውሳለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ኮብል ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ስለ ኮብል ማንም አልመለሰላትም። እኔ መጀመሪያ ጠራቢ ነበርኩ፣ ኋላ አንጣፊ ሆንኩ። ሁለቱ የተለያየ ሙያ ነው። ጠራቢ ድንጋዩን በመሮ ይሠራዋል፤ አንጣፊ ይደረድረዋል። ብዙ ሰው ይህን አይለይም።

ኮብልስቶን የተፈጥሮ ድንጋይ ነው። የተለመደው በሁሉም ጎን 10 ሳንቲ አካባቢ ነው። አሁን ብዙ ሰው "ኮብል" የሚለው ግን ሌላም ነገር ነው፤ በፋብሪካ የሚቀረጽ፣ ጥርስ በጥርስ የሚገጥም የሲሚንቶ ንጣፍ አለ። እሱ ኢንተርሎክ ነው። ያ ሰው "ኮብል" ሲልሽ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂው።

ኮብል ሲሚንቶ አይፈልግም። ገረጋንቲው ይጠቀጠቃል፣ አሸዋ ይደላደላል፣ ድንጋዩ በመዶሻ ይቀመጣል፣ መገናኛው በአሸዋ ይሞላል። ዳሩ በከርብ፣ በጠርዝ ድንጋይ ማለት ነው፣ ካልታሰረ ግን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይሸሻል። ትልቁ ጥቅሙ የውሃ ቧንቧ ቢፈነዳ ድንጋዩን አንስተሽ፣ ጠግነሽ፣ መልሰሽ ትነጥፊዋለሽ። አርማታ ቢሆን ትሰብሪዋለሽ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን የተጠረበ ድንጋይ ፊቱ እኩል አይሆንም። እግር ያደናቅፋል። ለእሳቸው አርማታ አሠሪላቸው።

የአፍንጮ በሯ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ኮብል ልጅ፣ ገበያህን ትተህ ለእናቴ አሰብክላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በትር ይዤ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡20

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። ዓይነ ስውር ነኝ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ስሄድ እግሬ ሥር የሚሻክሩ ንጣፎች አሉ። አንዳንዱ ረጃጅም መስመር ነው፣ አንዳንዱ ክብ ክብ ጉብታ። በአማርኛ ምን ይባላሉ? ለሰው ስነግር "ያ ቢጫው" ይሉኛል። ቢጫ ለእኔ ምንም አይነግረኝም።

የቴክኒክ መምህር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከርዕሱ አልወጣም። ንጣፉን የፈጠረው ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። መንገድ ላይ የተነጠፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ኦካያማ ከተማ ነው። መስመር ያለው "በዚህ አቅጣጫ ሂድ" ማለት ነው። ጉብታ ያለው "ቁም፣ ከፊትህ ማቋረጫ ወይም ደረጃ አለ" ማለት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ መሪ ንጣፍና አስቁም ንጣፍ ብዬ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ሳያውቅ አዙሮ የሚነጥፍ ሠራተኛ ሰውን መኪና ሥር ሊከት ይችላል። ስሙ ላይ ትርጉሙ ካለ ግን አይሳሳትም ብዬ ነው።

በትር ይዤ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡41

መሪ እና አስቁም። ያዝኳቸው። አንድ ቦታ ላይ መሪው ንጣፍ ምሰሶ ላይ ወስዶኛል፤ አሁን ቅሬታዬን በስሙ ልጠራው እችላለሁ።

ሳይት መሐንዲስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡00

ወደ ሲ 25 ልመለስ፤ ስለ እሱ ጠይቃ ነበር።

25 ቁጥሩ ጥንካሬው ነው። 15 በ15 በ15 ሳንቲ የሆነ የኮንክሪት ኪዩብ በ28 ቀኑ ተጨፍልቆ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን መቻል አለበት። በግርድፉ በካሬ ሳንቲ ሜትር 250 ኪሎ ነው። በአዲሱ የአገራችን ደንብ ሲ 20/25 ተብሎ ይጻፋል። ፊተኛው ቁጥር በሲሊንደር ሲለካ፣ ኋለኛው በኪዩብ ሲለካ ነው። ስለዚህ የድሮው ሲ 25 እና የአሁኑ ሲ 20/25 አንድ ናቸው። ወረቀት ላይ 20 አይታችሁ "ተቀነሰብን" ብላችሁ አትደንግጡ። ልብ በሉ፣ "ኪዩብ" ሁለት ትርጉም አለው። ነጋዴው ሲል ሜትር ኪዩብ ነው፣ ላቦራቶሪው ሲል ይቺ መፈተኛ ናት።

ለግቢሽ በእጅ ወይም በትንሽ ሚክሰር ሲቦካ 1 ለ 2 ለ 3 ይባላል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። መስፈሪያው ሳጥን ነው፤ 50 በ40 በ18 ሳንቲ። ይህ 36 ሊትር ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ደግሞ 35 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሳጥኑ በዚህ ልክ የተሠራው ከአንድ ከረጢት ጋር እንዲተካከል ነው። በአካፋ እየቆጠረ የሚሰፍር ካለ አስቁሚው። አካፋ አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል።

40 ካሬ በ10 ሳንቲ 4 ሜትር ኪዩብ ነው። ወደ 29 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ከ2 ኪዩብ ትንሽ የሚበልጥ አሸዋ፣ ከ3 ኪዩብ ትንሽ የሚበልጥ ጠጠር። ለብክነት ጥቂት ጨምሪ።

ውሃው ነው ዋናው። ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሠራተኛ "ትንሽ ቀጠን ይበል" ይላል፤ ለመዘርጋት ስለሚቀለው ነው። አልፈርድበትም፣ ሥራው ከባድ ነው። ግን የምትጨምሪው እያንዳንዱ ባሊ ከጥንካሬው ይቀንሳል።

የአፍንጮ በሯ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁለተኛውን ሰው መረጥኩ። ያላችሁትን ሁሉ ጽፌ ሰጠሁት። ከፋኝ ይላል ብዬ ነበር። አንብቦ "እህቴ፣ እንዲህ የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ ስንቱ ጭቅጭቅ በቀረልኝ" አለ። ፌሮ ያለው አርማታ ተባባልን፤ ባለ 8፣ በየ 20 ሳንቲ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። "ጆይንት እቆርጣለሁ" አለኝ። ለምን አዲስ ወለል ይቆረጣል?

ሳይት መሐንዲስ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

ጎበዝ ሰው አግኝተሻል። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል። መሰንጠቁ አይቀርም። ጆይንት "ስትሰነጠቅ እዚህ ጋ ተሰንጠቅ" ብለሽ መስመር መስጠት ነው። ለ10 ሳንቲ ወለል ቢበዛ በየ 3 ሜትሩ፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ተኩል። በነጋታው፣ ሳይዘገይ ይቆረጥ። ተዳፋቱንም እንዳትረሺ። በየሜትሩ 2 ሳንቲ፣ ወደ ቦዩ። አለዚያ ውሃው ተኝቶ ለእናትሽ ሌላ ማንሸራተቻ ይሆናል። ለዚሁ ሲባል ሊሾውንም ተዪው። እርጥብ እያለ በመጥረጊያ ሻከር ይደረግ።

የአፍንጮ በሯ | ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ትናንት ተሞላ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቆሜ ሳጥን ስቆጥር ዋልኩ። አንዴ "ውሃ ልጨምር?" አሉኝ፣ "አይሆንም" አልኩ። ዛሬ በጠዋት ጆይንቱ ተቆርጧል። እናቴ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ታየዋለች። መቼ ልትረግጠው እንደምትችል ትጠይቃለች።

ቱንቢ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እንኳን ደስ ያላችሁ። በሦስተኛው ቀን ቀስ ብለው ይሂዱበት። ከባድ ዕቃ ግን አይቀመጥበት። ጆንያ አልብሺው፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪው። ፀሐይ ከበረታ ቀትር ላይም ድገሚው። ሰባት ቀን ትንሹ ነው። ሲሚንቶው ፒፒሲ የሚባለው፣ ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት) የተቀላቀለበት ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ሁለት ሳምንት አጠጪው። ሰባተኛው ቀን ላይ "ደርቋል፣ ይበቃል" የሚልሽ ይመጣል። ጆንያውን እንዳታነሺ።

የአፍንጮ በሯ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡22

ከረጢቱን አየሁት፣ ፒፒሲ ነው። እሺ ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት። ማታ ማታ የማጠጣው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ "እኔ ከበረንዳው ሆኜ በጎማ አጠጣለሁ" ብላለች።